ለእጅ የተጠረበ

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሰቃ ይደረሳል። ቡና በሚለቀምበት ወራት የከተማዋን መቃረብ ከዓይን በፊት አፍንጫ ያውቀዋል። በየግቢውና በየማድረቂያ አልጋው የተሰጣው እሸት ቆዳው መኮማተር ሲጀምር ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ ሽታው መንገድ ድረስ ይወጣል። እዚያች ከተማ ውስጥ ዕድሜያቸውን በቡና ንግድ ያሳለፉ አንድ አዛውንት አሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤቶቻቸው ግን ጀንፈላቸው ለመጋዘን መድረስ አለመድረሱን ሲጠራጠሩ ዛሬም እፍኝ ዘግነው ወደ እሳቸው ይመጣሉ። አዛውንቱ ጀንፈሉን በመዳፋቸው ይይዙና ጆሯቸው አጠገብ ያንሿሹታል። ቡናው ከገለባው ተላቆ ከሆነ ድምፁ ይለያል። ቀጥለው በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ይሞክሯታል። «ሁለት ፀሐይ ይቀረዋል» ይላሉ። የሚከራከራቸው የለም።

ጀበና ቡና የሚጠጣባት አንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው አለች። አንዱ ጠጪ ሲገባ ባለቤቷን «ሥዕሏን አሳደስሻት እንዴ?» አላት። አዛውንቱ ቀና አሉ።

«ግድግዳው ላይ ምንድን ነው ያለው?»

«ሥዕል ነው፣ አባባ።»

«የምን ሥዕል?»

«ቡና የምትቀዳ ሴት።»

ልጅቷ የጨረሰች መስሏት ስኒዋን አነሳች። እሳቸው ግን ገና መጀመራቸው ነበር። «ጀበናውን ከፍ አድርጋ ነው የያዘችው ወይስ ዝቅ አድርጋ?»

ልጅቷ ዞራ አየች። «ከፍ አድርጋ። ክርኗ ትከሻዋ ጋ ደርሷል።»

«እጇ የለመደ ነው ማለት ነው። ስኒዎቹስ ስንት ናቸው?»

«ስድስት። አይ፣ ሰባት። አንዱን የዕጣኑ ጭስ ሸፍኖታል።»

«ወደ ስኒው ነው የምታየው ወይስ ወደ ሰው?»

እዚህ ላይ ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ ግድግዳው ሥር ሄደች። «ወደ እኛ» አለች፤ «ወደ እኛ ነው የምታየው።»

«ታዲያ ሳታይ ነዋ የምትቀዳው!» ብለው አዛውንቱ ሳቁ። ቤቱም አብሯቸው ሳቀ፣ የሁሉም ዓይን ወደ ሥዕሉ ዞረ። እውነትም ሴትየዋ ቀጭኑን የቡና ጅረት ወደ ስኒው እየላከች ፊቷን ወደ እንግዶቿ አዙራለች። ሥዕሉ ሥር ከተቀመጡት ዓይናሞች መካከል እስከዚያ ሰዓት ይህን ያነሳ አልነበረም።

ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች እንዴት ይድረስ የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለም የሙዚየሞች መደበኛ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። በእኛ አገር ሲነሳ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው «ለማያይ ሰው ሥዕል ምን ይሠራለታል?» የሚል ነው። የሰቃው አዛውንት ጥያቄዎች ለዚህ በቂ መልስ ይመስሉኛል። ሰውየው ከሥዕሉ የፈለጉት ሴትየዋ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምታውቅ፣ ከማን ጋር እንደሆነች ነው። ዓይን ያለውም ሰው ከሥዕል የሚፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም።

በቃል ማሳየት

አዛውንቱ በጥያቄ ያወጡትን ነገር በሌላ አገር በመመሪያ መጽሐፍ ጽፈው ያስተምሩታል። በቃል የሚያሳይ ሰው መጀመሪያ የሥራውን መጠንና የተሠራበትን ነገር ይናገራል። መዳፍ ያህል ነው ወይስ ግድግዳ ይሞላል? ሸራ ላይ የተቀባ የዘይት ቀለም ነው ወይስ ብራና? ከዚያ ጠቅላላውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጥና ወደ ዝርዝሩ ይወርዳል። ከግራ ወደ ቀኝ ከጀመረ እስከ መጨረሻው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ መሀል ላይ ዘሎ ጥግ ከገባ አድማጩ መንገድ ይጠፋበታል። ፍርድ አይሰጥም። «በጣም ውብ ፊት» ማለት የተናጋሪውን ስሜት ማቀበል ነው። «ፊቷ ረዘም ያለ፣ ቅንድቧ የተቀጠነ፣ አፏ የተዘጋ» ሲባል ግን አድማጩ ውበቱን ራሱ ይፈርዳል። የእግር ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ሲተላለፍ ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጥሩው አስተላላፊ ኳሷ በየትኛው መስመር፣ በማን እግር ሥር እንዳለች ይነግረናል እንጂ በየደቂቃው ጨዋታው እንዴት እንደሚያምር አይሰብከንም።

ከውጭ መመሪያ ሁሉንም እንዳለ መገልበጥም አይቻልም። የብዙ አገር ገላጮች ቦታን በሰዓት ይናገራሉ፤ «ስድስት ሰዓት ላይ ስኒ አለ» ሲሉ ከታች መሀል ላይ ማለታቸው ነው። በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት የቀትር ሰዓት ነውና የብዙ ሰው ሰዓት መርፌ ያኔ ከላይ ነው የሚቆመው። ሰዓቱን በአገር አቆጣጠር የሞላ ሰው ደግሞ አለ። ስለዚህ እዚህ አገር «ከላይ፣ ከታች፣ በቀኝ እጅዎ በኩል» ይሻላል።

ቀለም ይነገር ወይስ ይታለፍ? ብዙ ዓይናሞች ቀለም መጥቀስ ነውር ይመስላቸውና በሐዘኔታ ያልፉታል። እዚህ ላይ በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት ይረዳናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የወጣው የዓይነ ሥውርነት፣ የዝቅተኛ ዕይታና የትራኮማ ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ 1.6ቱ ዓይነ ሥውር፣ ከመቶ 3.7ቱ ደግሞ ዕይታው ዝቅተኛ መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ሥውርነቱ ግማሽ ያህሉን፣ ማለትም ከመቶ 49.9ኙን፣ ያመጣው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ የትራኮማ ጠባሳ ከመቶ 11.5 ድርሻ አለው። የሞራ ግርዶሽ በአብዛኛው የዕድሜ በሽታ ነው። የትራኮማ ጠባሳም ዓይንን የሚጋርደው ከዓመታት ተደጋጋሚ ልክፈት በኋላ ነው። እንግዲህ በአገራችን ማየት ከተሳናቸው አዋቂዎች ብዙዎቹ አይተው ያውቃሉ ማለት ነው። የሰቃውን አዛውንት ዓይን የወሰደው ግላኮማ ነው፤ ሞራ ቢሆን ኖሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄደው ይገፈፍላቸው ነበር። እሳቸውም ቢሆኑ ስልሳ ዓመት ያህል የሰበሰቡትን ቀለም ሁሉ ይዘው ነው የሚኖሩት። ለእሳቸው «ቀይ» ከማለት «ከመጠን በላይ የበሰለ እሸት ቀይ፣ ወደ ጥቁር ያዘነበለው» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳይ መገመት አያዳግትም። ሲወለዱ ጀምሮ ያላዩም ቢሆኑ ነጭ ለበዓል፣ ጥቁር ለሐዘን እንደሚለበስ ያውቃሉ፤ ቀለም የማኅበረሰብ ዕውቀትም ነውና ሊነፈጉት አይገባም።

ከአንድ ግንድ

ቃል አንድ መንገድ ነው፣ ሌላው እጅ ነው። በእጅ ስለሚታይ ጥበብ ለመናገር ደግሞ ከጅማ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ይወጣል። ሚስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም፣ መገጣጠሚያ የለውም። ጠራቢው ብዙ ጊዜ ዋንዛ ይመርጣል፤ ቀላል፣ ለመሮ የሚታዘዝ፣ ሲያረጅ የሚጠቁር እንጨት ነው። ከግንዱ ውስጥ ሦስት እግርና ሰርጎድ ያለ መቀመጫ ያወጣል፣ የቀረውን እንጨት ፈልጦ ይጥላል። ሦስት እግር መሆኑ ለወጉ ብቻ አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር በአፈር ወለል ላይ ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር ግን ወለሉ ምንም ያህል ቢጎረብጥ ሦስቱም ይረግጣሉ። መደገፊያ ያላቸውና መደገፊያቸው በቅርጽ የተዋበ ትልልቅ ወንበሮችም ከአንድ ግንድ እየተጠረቡ ይሠራሉ። እነዚህ ወንበሮችና በርጩማዎች ዛሬ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ።

እንዲህ ያለውን በርጩማ ዓይን ከላይ አይቶ ያልፈዋል። እጅ ግን ሥሩ ይገባል። እግሮቹ ከመቀመጫው ሆድ የሚወጡበትን ጥምዝ፣ የመሮው ምት የቀረበትን ሸካራ ቦታ፣ ጠራቢው ማለስለሱን ትቶ ያቆመበትን ድንበር የሚያገኘው እጅ ነው። መቀመጫው ለምን እንደሰረጎደም የሚታወቀው ሲቀመጡበት ነው። ሠሪው ሲሠራው ሲዳብሰው ውሏል፤ ዓይኑ ያላየውን እብጠት የነገረው መዳፉ ነው። በሌላ አነጋገር ይህ ጥበብ ዓይነ ሥውሩን የሚያገልል ነገር በራሱ ውስጥ የለውም።

እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በጅሬን ኮረብታ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በእንጨት ሥራው ይታወቃል። ከቤተሰባቸው የተረፉ ዕቃዎችም በጅማ ሙዚየም ይታያሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሙዚየም ሲገባ፣ በየትኛውም አገር እንደሚሆነው፣ ከእጅ ዓለም ወጥቶ ለዓይን ብቻ ይቀራል። ክልከላው በቂ ምክንያት አለው። የእጅ ላብ ጨውና ቅባት ነው፤ ብረት ያዝጋል፣ እንጨት ያጠቁራል፣ ቀለም ይልጣል። አንድ ሰው ቢነካው ምንም አይሆንም፤ መቶ ሺህ ሰው ከነካው ግን ቅርጹ ይሟሽሻል። የሙዚየም ባለሙያ ዕቃውን ለልጅ ልጅ ሊያቆይ ተቀጥሯልና ስላልፈቀደ አይወቀስም።

ነገር ግን ከጥንቱ የአገራችን ሰው ጥበብን ከሩቅ አልተሳለመውም። መስቀል ላይ የተሠራውን ጥልፍልፍ ሐረግ ምእመኑ በግንባሩና በከንፈሩ ያውቀዋል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ይስማል። ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ከግድግዳው ዓለት ጎልተው የተፈለፈሉት ሰው የሚያህሉ ቅዱሳን አካል ያላቸው ናቸው። በሰቃ መስጊዶች የሚቆጠረው መቁጠሪያ ፍሬው በጣት ሲታሽ ይለሰልሳል። በዘመናችንም አዲስ አበባ መካኒሳ በሚገኘው ዞማ ሙዚየም ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የጭቃውን ግንብ ራሱን በጎበጠና በሰረጎደ ቅርጽ ሞልቶታል። ግድግዳው ሥዕል ሆኗል፤ በመዳፍ እየዳበሱ ቢያልፉበት እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ነው።

የተፈቀደ እጅ

ክልከላውን ካለፉት መካከል በእኔ ግምት ትልቁን ነገር የሠሩት ጣሊያናውያን ባልና ሚስት ናቸው። አልዶ ግራሲኒና ዳንኤላ ቦተጎኒ ሁለቱም ዓይነ ሥውራን ናቸው። ጉዞ ይወዱ ነበር፤ በሄዱበት አገር ሙዚየም ሁሉ ግን «አትንኩ» የሚለው ደንብ ይጠብቃቸዋል። በመጨረሻ ራሳቸው የሚነካ ሙዚየም እንዲቋቋም ለከተማቸው ለአንኮና አስተዳደር ሐሳብ አቀረቡ። የኦሜሮ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1993 ተከፈተ፤ በ1999 ደግሞ በሕግ የመንግሥት ሙዚየም ሆነ። በውስጡ የጥንት ግሪክና ሮማ ሐውልቶችና የማይክል አንጄሎ ሥራዎች ቅጂዎች፣ የዘመኑ ቀራጮች ኦሪጅናል ሥራዎችም አሉ። ዓይናማ ጎብኚም እንዲነካ ይጋበዛል። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተመረጡ ሐውልቶችን በእጅ ያስጎበኛል።

ሐውልት እሺ፣ ሥዕልስ? ማድሪድ የሚገኘው የፕራዶ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2015 ስድስት ሥዕሎችን ከፍ ዝቅ ባለ ገጽ አሠርቶ ለእጅ ፈቀደ። ከእነሱ መካከል የቬላስኬዝ፣ የጎያና የኤል ግሬኮ ሥራዎች ነበሩ። ቅጂዎቹ ቀለማቸውን እንደያዙ ነበርና ጭላንጭል የሚያይ ጎብኚ በዓይኑም በእጁም አጣምሮ ይመለከታቸዋል። ይህ ውድ ቴክኖሎጂ ነው። ርካሽ የሆነው የሚያብጥ ወረቀት ነው፤ ገጹ በሙቀት በሚነፋ ጥቃቅን እንክብል የተቀባ ነው፤ ሥዕሉ በጥቁር ቀለም ይታተምበትና በማሞቂያ ውስጥ ሲያልፍ ጥቁሩ መስመር ሙቀቱን ይስብና ብቻውን ከፍ ይላል። አንድ ትምህርት ቤት አንድ ማሞቂያና ጥቂት ደስታ ወረቀት ካለው የጂኦግራፊ ካርታም የሥዕል መማሪያም ሊያዘጋጅ ይችላል።

ችግሩ ፎቶግራፍን ወይም ሥዕልን እንዳለ ከፍ ማድረግ አለመሥራቱ ነው። የጣት ጫፍ ከሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰ ርቀት ያላቸውን ሁለት ነጥቦች አንድ አድርጎ ነው የሚሰማቸው፤ የብሬል ነጥቦች 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል የተራራቁትም ለዚህ ነው። ዓይን መላውን ሥዕል በአንድ ጊዜ ያያል። ጣት ግን ቁራሽ ቁራሹን እየለቀመ በአእምሮ ውስጥ ይገጣጥማል፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ መስመር ሲበዛ ይጠፋዋል። ስለዚህ ሥዕሉን ለጣት የሚያዘጋጀው ሰው ከምንም በፊት ይቀንሳል። ጥላ ይጣላል፣ የጀርባው ቅጠላ ቅጠል ይጣላል፣ የተደራረቡ አካላት ይለያያሉ፤ ልብሱ በአንድ ዓይነት ሸካራነት፣ ሰማዩ በሌላ ይለያል።

እዚህ ላይ የእኛ የጥንት ሥዕል ዕድለኛ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሰውን በጥቁር ጠንካራ መስመር ከብቦ፣ በዝርግ ቀለም ሞልቶ ይሥላል፤ ጥላና የርቀት ስሌት በጥንታዊው ሥርዓት ውስጥ ቦታ የላቸውም። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያያል፤ ሰይጣን፣ ከሓዲና አሳዳጅ በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይን ብቻ ይታይባቸዋል። ይህ ሕግ በከፍታ መስመር ቢወጣ ጣት በቀላሉ ያነበዋል። ሁለት ዓይን የዳሰሰ ጻድቅ፣ አንድ ዓይን የዳሰሰ ኃጥእ አገኘ ማለት ነው። ከአውሮፓ የህዳሴ ዘመን ሥዕሎች ይልቅ የእኛው ለእጅ የቀረበ ነው፤ ይህን ሥራ የጀመረ ቢኖር ብዙ ርቀት በነጻ ያገኛል።

ዓይነ ሥውር ሰው ሥዕል ይረዳል ወይ ብሎ ለሚጠራጠር የቱርካዊው የኤሽሬፍ አርማጋን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ሳያይ የተወለደ ሠዓሊ ነው። ከፍ ያለ መስመር በሚተው መሣሪያ ይነድፍና ቀለሙን በጣቱ እየቀባ ቤት፣ ዓሣ፣ ሰው ይሥላል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የዓይነ ሥውራንን ሥዕል ለረዥም ጊዜ ያጠኑት ጆን ኬኔዲ አርማጋን ርቀትንና ጥልቀትን በመስመር እንደሚያሳይ መስክረዋል። ሐርቫርድ ውስጥ ሲነድፍ አንጎሉ በታየ ጊዜ በሌላው ሰው ለማየት የሚያገለግለው ክፍል ሥራ ላይ ነበር።

በዝምታ የሚታለፉት

ስለ ዓይነ ሥውራን ሲወራ የሚረሱ ሰዎች አሉ። ከላይ የጠቀስኩትን ጥናት እንደገና ይመልከቱ፤ ዕይታቸው ዝቅተኛ የሆኑት ከዓይነ ሥውራኑ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ናቸው። ነጭ በትር አይዙም፣ ብሬል አያነቡም። ሙዚየም ገብተው መግለጫው ስለማይነበብላቸው ዝም ብለው ይወጣሉ፤ ማንም አያውቅባቸውም። ለእነሱ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው። መግለጫው በትልቅ ፊደል፣ ቢያንስ በ18 ነጥብ፣ በማያብረቀርቅ ወረቀት፣ ጥቁር በነጭ ላይ ይታተም፤ በጉልበት ትይዩ ሳይሆን በዓይን ትይዩ ይሰቀል። የሥዕሉ መስታወት ከመስኮት ፊት ለፊት አይሁን፤ የመስኮቱን ነጸብራቅ እንጂ ሥዕሉን አያሳይምና። የክረምቱ ደመና በሚከብድበት በጅማ፣ መብራትም በሚጠፋበት ሰዓት፣ ጠባቂው እጅ ላይ አንድ ጥሩ የእጅ ባትሪና አንድ አጉሊ መነጽር መኖሩ ትልቅ አገልግሎት ነው። ጎብኚው በስልኩ ካሜራ አጉልቶ እንዲያይ መፍቀድ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም።

ይህ ሁሉ ልመና አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል በባህላዊ ሕይወት የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ቲያትር፣ ሙዚየም፣ ሲኒማና ቤተ መጻሕፍት በስም ተጠቅሰዋል። የራሳቸውን የፈጠራ ችሎታ የሚያዳብሩበት ዕድል እንዲኖራቸውም ያዛል። እንግዲህ ጉዳዩ መመልከትን ብቻ አይጠይቅም፤ መሥራትንም ይጨምራል።

በጅማ አካባቢ ጥያቄው ሌላ ገጽ አለው፤ በየትኛው ቋንቋ? የአፋን ኦሮሞ ብሬል የላቲን ፊደል ብሬል ነው። የአማርኛው በሌላ ሥርዓት ይጻፋል፤ አንዱ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ተነባቢውና አናባቢው ተለይተው በሁለት ሕዋስ ስለሚጻፉ መግለጫው ይረዝማል። ሁለቱም መዘጋጀት አለባቸው፤ የሰቃ ልጅ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ከሌላ አካባቢ የመጣው ጎብኚ ደግሞ አማርኛውን ይፈልጋል። ብሬል ያላዋጣቸውም አሉ። በሽምግልና ዓይኑን ያጣ ሰው ብሬል የመማር ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከብሬሉ በፊት ድምፅ ይቅደም እላለሁ፤ በሁለቱም ቋንቋ በስልክ የተቀረጸ፣ አጭር፣ ቅደም ተከተሉ የጠራ ገለጻ። ቀራጩ ባለሙያ መሆን የለበትም። ሰቃ ላይ ያቺ ተማሪ ጠያቂ ስታገኝ ምን ያህል እንዳየች አይቻለሁ።

ሁለት ሰሌዳ

ጅማ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ወለሉ በፍልጥና በጭረት ተሸፍኗል፤ የዋንዛው ሽታ ከቫርኒሹ ጋር ተቀላቅሏል። ባለቤቱ በርጩማና የሶፋ እግር እየጠረበ የሚኖር ሰው ነው። በአንድ ዓይነ ሥውር መምህር ጥያቄ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሰሌዳ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ አድርጎ ሠርቶት ነበር። መምህሩ ሰሌዳውን ለተማሪዎቹ ሊጠቀምበት ፈልጓል። እኔ የደረስኩት ርክክቡ ላይ ነው።

ሥራው ለዓይን ያማረ ነበር። ጠራቢው ከፎቶግራፍ ላይ አይቶ፣ ሕንፃውን ከጥግ በኩል፣ አንዱ ግድግዳ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ የሰገነቱ ምሰሶዎች እያነሱ እያነሱ ሄደው አውጥቶታል። መምህሩ ሁለቱንም እጆቹን ዘርግቶ ከግራ ጀመረ። ቀኝ ጥግ ሲደርስ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«ጋሼ፣ ይሄ ግድግዳ ለምንድን ነው የሚጠብበው?»

«እየራቀ ስለሆነ ነው። የራቀ ነገር ያንሳል።»

«ቤቱ ራሱ ግን ይጠብባል?»

«አይ፣ ቤቱ እኩል ነው።»

«እንግዲህ ልጆቼ ቤቱ የተንጋደደ ነው የሚመስላቸው» አለ መምህሩ።

ጠራቢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ሰሌዳውን በአዲስ ዓይን ያየው ጀመር። ሁለቱ ተቀምጠው ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ አንዱ ሰሌዳ ሁለት እንዲሆን ተስማሙ። በአንደኛው ላይ የሕንፃው ፊት ብቻ፣ ዝርግ ሆኖ፣ ምሰሶዎቹ እኩል፣ በሮቹ ሰርጎድ፣ ሰገነቱ ጎልቶ ይወጣል። በሁለተኛው ላይ ደግሞ ከላይ እንደሚታይ የክፍሎቹ አቀማመጥ ይሠራል፤ ጣት በበሩ ገብቶ ከክፍል ክፍል እንዲያልፍ ግድግዳው እንደ ጠርዝ ይቀራል። ጣሪያው ሸካራ ይሁን ለስላሳ በሚለው ላይ ተከራከሩ። ጠራቢው ጣሪያውን በመሮ ሰርጎድ ሰርጎድ አድርጎ በመተው፣ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ለመለየት ወሰነ።

መምህሩ ሊነሳ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። «ሰው አድርግበት» አለ። «በሩ አጠገብ አንድ ሰው አቁም። ሰው ከሌለበት የዶሮ ቤት ይሁን ቤተ መንግሥት በምን አውቃለሁ?»

ጠራቢው ሳቀና ጣቱን ሰሌዳው ላይ አኖረ። ሰውየውን ከበሩ በስተቀኝ፣ የትንሿን ጣት አንድ አንጓ የሚያህል አድርጎ ሊያወጣው ነው። በእርሳስ ምልክት አደረገ፣ መምህሩም የቦታውን ልክ በጥፍሩ ለካ።